ቤት ስትገዙ የመሐንዲሱን ወረቀት እንዴት ታነቡታላችሁ?

(በሰፈራችን ማኅበር ወርኀዊ ስብሰባ ላይ አንድ በግንባታ ሥራ የቆዩ አባላችን ያደረጉት ንግግር ነው። በስብሰባው ያልተገኙ አባላት በጠየቁት መሠረት እነሆ ተለጥፏል።)



ዛሬ እንድናገር የታዘዝኩት ስለ ቤት ግዢ ነው። ስለ ዋጋና ስለ ደላላ ይነግረናል ብላችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እሱን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። የእኔ ጉዳይ ቤቱ ራሱ ነው። ይኸውም ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የሚገዛ ሰው መሐንዲስ ወይም ነባር ግንበኛ ወስዶ ካስመረመረ በኋላ እጁ የሚገባው ወረቀት ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር እንለይ። ባንክ ለብድሩ ሲል የሚልከው ገማች የቤቱን ዋጋ ይገምታል እንጂ የቤቱን ጤንነት አይመረምርም። «ባንኩ አይቶታል እኮ» ሲባል እንሰማለን። ባንኩ ያየው ብድሩ ሳይከፈል ቢቀር ቤቱ ተሸጦ ገንዘቡን ይመልስለት እንደሆነ ነው። ሥራው ስለሆነ አይወቀስበትም። እናንተ ግን ሻጩም ደላላውም ያልመረጡላችሁን ሰው፣ በራሳችሁ ገንዘብ ይዛችሁ ሂዱ።

እንግዲህ ወረቀቱ መጣ እንበል። ከሰፈራችን ልጆች አንዲቱ ከባለቤቷ ጋር ሆና በሲኤምሲ በኩል ያየችው ቤት ወረቀቱ አሥራ ዘጠኝ ነጥብ ነበረበት። ደነገጠችና ተወችው። ቆይታ ስለ ሌላ ቤት አራት ነጥብ ብቻ ያለበት ወረቀት ይዛ ደስ ብሏት መጣች። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን አነበብናቸው። አሥራ ዘጠኙ የላላ እጀታ፣ የተሰበረ ሶኬት፣ የዛገ አሸንዳ፣ የተላጠ ቀለም፣ የመሳሰለው ነው። ከአራቱ ውስጥ አንዱ ግን «በምሥራቁ ጥግ መሠረቱ ወርዷል» ይላል። አሥራ ዘጠኙ ተደምሮ ይህን አንዱን አያክልም! ደግነቱ ቀብድ ገና አልከፈለችም ነበር። የብዙ ዓመት ቁጠባዋ ነው።

ስለዚህ ነጥቡን አትቁጠሩ። ከመሬቱ፣ ከተሸካሚው አካልና ከውኃው ጋር የተያያዘው የትኛው ነው ብላችሁ ጠይቁ። የቀረው በሁለትና በሦስት ቀን ሠራተኛ የሚያልቅ ነው።

ስለ መሬቱ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ በእኛ አካባቢ ዋናው ነገር እሱ ነውና። ከቦሌ ጀምሮ በገርጂ፣ በቡልቡላ፣ በሰሚት፣ በአያት በኩል በብዙ ቦታ ያለው አፈር ጥቁር አፈር ነው፤ መረሬ የምንለው። ይኸ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሸማቀቃል፣ እጅ እስኪያስገባ ድረስም ይሰነጠቃል። በላዩ የተቀመጠ ቤት በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይላል ማለት ነው። ሁሉም ጥግ እኩል ከፍ ዝቅ ቢል ባልከፋ፤ ነገር ግን ቧንቧ የሚያፈስበት ጥግ፣ ትልቅ ዛፍ ውኃውን የሚመጥበት ጥግ ከሌላው ይለያል። ግድግዳውን የሚሰነጥቀው ይኸ ልዩነት ነው። ደህና የሠራ ሰው ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ አውጥቶ፣ ሠራተኛው ሰሌክት የሚለውን የተመረጠ አፈር ሞልቶና ጠቅጥቆ፣ መሠረቱን ወደ ታች አውርዶ ይጀምራል። ሻጩን «ስንት ሜትር ተቆፈረ? ምን ተሞላ?» ብላችሁ ጠይቁት። በሠራው ቤት የሚተማመን ሰው በዚህ ጥያቄ አይቆጣም።

እዚህ ላይ አንድ ብልኃት አለ። ስንጥቁ በበጋው መጨረሻ ይከፈታል፣ በነሐሴ ይገጥማል። በነሐሴ አዲስ ቀለም ተቀብቶ የሚሸጥን ቤት በጥርጣሬ እዩት። ከተቻለ አንድ ቤት በሁለት ወቅት ይታይ። ካልተቻለም በስንጥቁ ላይ ትንሽ ጄሶ ለጥፉና ቀኑን ጻፉበት፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጄሶው ከተሰነጠቀ ቤቱ አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው።

ታዲያ ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። በልስኑ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ቀጭን ስንጥቅ ልስኑ ሲደርቅ የመጣ ነው፤ አያስፈራም። በኮለኑና በብሎኬቱ መጋጠሚያ ቀጥ ብሎ የሚወርደውም የሁለት የተለያዩ ነገሮች መለያያ ነው፤ ይታሸጋል። ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በብሎኬቱ መጋጠሚያ እንደ ደረጃ እየተሰበረ የሚወርደው ግን የመሬቱ መልእክት ነው። አንደኛው ጫፍ ሰፊ ሌላው ጠባብ ከሆነ ደግሞ አንድ ወገን እየወረደ ነው። ስንጥቁ ከግድግዳው አልፎ በራሱ በኮለኑ ወይም በቢሙ ላይ ከታየ፣ ወይም ፌሮው ዝጎ አርማታውን ገፍቶ ከጣለው፣ እዚያ ላይ የዋጋ ክርክር ይቁምና መሐንዲስ በድጋሚ ይጠራ። ዝገት ከብረቱ ይልቅ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ አርማታውን ከውስጥ ይፈነቅለዋል፤ በልስን መሸፈን አያድነውም።

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የነበረው የመሬት መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ፣ በተለይ በፎቅ ላይ፣ ከተሰማ ወዲህ ስንጥቅ ያየ ሁሉ የመንቀጥቀጥ ነው ይላል። አንዳንድ ሻጭም ይህን ሰበብ ወዶታል፤ መሠረቱ መውረዱን ከማመን ይቀላል። ስንጥቁ በጠርዙ አቧራና የቆየ ቀለም ከያዘ ዕድሜው ከዚያ ይበልጣል።

ወደ ውኃው ልለፍ። የመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ ያለውን ግድግዳ በእጃችሁ ዳስሱ፤ እርጥበትና ሻጋታ እዚያ ይጀምራል። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሰው ሁሉ ታንከር ይሰቅላል። ሁለት ሺህ ሊትር ውኃ ሁለት ሺህ ኪሎ ነው። ታንከሩ በኋላ በተቀጠለ ክፍል ሶሌታ ላይ ከተቀመጠ፣ ከታች ሆናችሁ ሶሌታውን ተመልከቱ።

በኮተቤና በጉርድ ሾላ በኩል ያሉትን ነባር የጭቃ ቤቶች ሰው ይንቃቸዋል፤ እኔ አልንቅም። እግሩ ደረቅ የሆነ ጭቃ ቤት ረጅም ዕድሜ አለው። የቋሚውን እንጨት እግር በምስማር ወጋ ወጋ አድርጉ። ምስማሩ ዘው ካለ ምስጥ ወይም ብስባሴ አለ።

ኮንዶሚኒየም ለምትገዙ፤ ከቤታችሁ በር ውጪ ያለው ጣራ፣ ደረጃና የፍሳሽ መስመር በ1995 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 370 መሠረት የጋራ ንብረት ነው። ስለዚህ ምርመራው በአራቱ ግድግዳ አያበቃም፤ ከላይና ከታች ያለው ጎረቤት የትኛውን ግድግዳ አፍርሶ ሳሎኑን እንዳሰፋ እወቁ።

በመጨረሻ ሕጉን በሚመለከት። ወረቀቱ «ከፕላን ውጪ» ካለ ካርታውን ይዛችሁ የሚመለከተውን የመሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ በቃል መተማመኛ አትርኩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም ይላል። ሰው የማያስበው ሌላም አለ፤ ገዢው ሲዋዋል አውቆት ለነበረው ጉድለት ሻጩ ዋስ አይሆንም። እንግዲህ ጉድለቱን በወረቀት ካገኛችሁት ዐውቃችሁታል ማለት ነው። ዝም ብላችሁ ፈርማችሁ በኋላ ብትከሱ አቤቱታችሁ ይደክማል። ስለዚህ ከመፈረም በፊት ወይ ዋጋው ይቀነስ፣ ወይ ሻጩ አድሶ ያስረክብ፤ የትኛው እንደሆነም ውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ጣራ ላይ ለመውጣት ረጅሙ መሰላል በማኅበሩ ዕቃ ቤት አለ፤ ፈርማችሁ ትወስዳላችሁ፣ በማግሥቱ ትመልሳላችሁ። ወረቀታችሁን ይዛችሁ ብትመጡም እሑድ ከሰዓት በኋላ አብረን እናነበዋለን።