ቋቁቻ ነው እያለ ሐኪም ስለሚሸሽ ባል የተነገረ

እናንተ የምትሰሙ፥ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ብርድ ገላ ከጋቢ አይለይምና፥ ሚስት በባሏ ጀርባ የወጣውን ምልክት የምታየው ዘግይታ ነው። ባልም «ቋቁቻ ነው፤ አያሳክከኝም» ይላል። ዳሩ ግን አለማሳከኩ አያጽናናም፤ የሥጋ ደዌ ምልክት ይደነዝዛልና። ዓይኑን አስጨፍና በላባ ትንካው፤ ባይሰማው አትንቀፈው፥ ጠበሉንም አትከልክለው፤ «እኔም ልመርመር፤ አብረን እንሂድ» ትበለው። ሐሜት የሚፈራ ሰው ብቻውን አይሄድምና። ስሜት ቢኖረውም ያልጠፋ ምልክት ሐኪም ሊያየው ይገባል። ደዌው እርግማን ወይም የዘር ውርስ አይደለም፤ ተሐዋሲውን የኖርዌዩ ሐኪም ሐንሰን በ1865 ዓ.ም. አግኝቶታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1974 ዓ.ም. በአንድነት እንዲዋጡ የመከረባቸው መድኃኒቶች ያለ ዋጋ ይሰጣሉ፤ 6 ወይም 12 ወር ይዋጣሉ። «የገብሱ አጨዳ ይለፍ» ቢላት፥ የደነዘዘ ጣት እሳት ሲፈጀው እንደማያውቅ፥ የጎደለውንም ጣት መድኃኒት እንደማይመልሰው ታስረዳው።