ጉንዳንን ለይቶ ማወቅ፣ ጎጆውን ማጥፋት



ዛሬ የምናገርበት ርእስ ሁላችንም በየኩሽናችን የምናየው፣ ነገር ግን ቁጭ ብለን የማንመካከርበት ጉዳይ ነው። ከስኳር ዕቃው እስከ ሶኬቱ ቀዳዳ የተዘረጋ የጉንዳን ሰልፍ ስናይ አብዛኞቻችን ፍሊት አንስተን እንነፋለን። ሰልፉ ይበተናል፤ የተገላገልንም ይመስለናል። ጥቂት ቀን ቆይቶ ግን በሌላ ግድግዳ በኩል ብቅ ይላል። ላስረዳችሁ የምሻው ነገር አንድ ነው፦ የጉንዳኑን ዓይነት ያልለየ፣ ጎጆውንም ያላሰበ ሰው የቱንም ያህል መድኃኒት ቢነፋ ጉንዳንን አያጠፋም፤ አንዳንዴም ያባዛዋል።

በቅድሚያ የጉንዳንን ኑሮ እንመልከት። ሳይንስ ስም የሰጣቸው የጉንዳን ዝርያዎች ከ14,000 በላይ ናቸው፤ ኑሯቸውም በማኅበር ነው። በአንድ ጎጆ ውስጥ እንቁላል የምትጥል አንዲት ንግሥት፣ እንደ ዝርያው ደግሞ ብዙ ንግሥቶች፣ ከእነርሱም ጋር እጮችና ክንፍ የሌላቸው ሴት ሠራተኞች ይኖራሉ። ከቤታችን ወለል ላይ የምናያቸው ሠራተኞቹ ብቻ ናቸው፤ ያውም ከጠቅላላው ጥቂቶቹ። ምግብ ያገኘች ሠራተኛ ወደ ጎጆዋ ስትመለስ ከሰውነቷ የሚወጣ ሽታ በመንገዷ ላይ ትተዋለች። ሌሎቹ ሽታውን ተከትለው ይመጣሉ፤ እነርሱም ሲመለሱ ያድሱታል። ጠዋት ሁለት ሦስት የነበሩት ከሰዓት በኋላ ሰልፍ የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

አዋቂ ጉንዳን ጠጣር ምግብ መዋጥ አይችልም። ፈሳሹን ይመጥጣል፤ ጠጣሩን ተሸክሞ ለእጮቹ ይወስዳል። በሆዱ ያጠራቀመውንም ፈሳሽ ከአፍ ወደ አፍ ለጎጆው ጓደኞች ያካፍላል። በዚህ ዓይነት አንዲት ሠራተኛ የቀመሰችው ነገር ከንግሥቲቱ ይደርሳል። ይህን የመካፈል ልማድ እንድታስታውሱልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ የምንጠቀምበት መሣሪያ እርሱ ነውና።

ሁለተኛው ጉዳይ ጉንዳንን ከምስጥ መለየት ነው። ዝናብ ሲጥል ማታ ማታ መብራት የሚከቡ ክንፋም ነፍሳትን ሁላችንም እናውቃለን። አንዳንዶቹ ምስጥ፣ አንዳንዶቹ ጉንዳን ናቸው። አንዱን ያዙና በብርሃን ተመልከቱት። ጉንዳን ወገቡ ቀጭን ነው፤ አንቴናው እንደ ክርን የታጠፈ ነው፤ የፊት ክንፎቹ ከኋላዎቹ ይረዝማሉ። ምስጥ ግን ወገቡ ከደረቱ ጋር እኩል ወፍራም ነው፤ አንቴናው ቀጥ ያለ ሆኖ በክር የተሰካ ዶቃ ይመስላል፤ አራቱም ክንፎቹ እኩል ናቸው። በዝምድናም ይራራቃሉ፤ ጉንዳን ከንብና ከተርብ ወገን ሲሆን ምስጥ ከበረሮ ወገን ነው።

ልዩነቱ ትልቅ ትርጉም አለው። ምስጥ እንጨት ይበላል፤ የጭቃ ቤት ምሰሶና ማገር፣ የበርና የመስኮት ክፈፍ፣ ወረቀትና መጽሐፍ ሁሉ ምግቡ ነው። በምዕራብ ወለጋ ምስጥ በሰብልና በቤት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ለረጅም ዘመን የገበሬው መከራ ሆኖ ቆይቷል። በግድግዳ ላይ ወደ ላይ የሚወጣ ቀጭን የጭቃ መተላለፊያ ካያችሁ፣ እንጨቱም ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ከሰጠ፣ ምስጥ መሆኑን እወቁና ሳትዘገዩ ባለሙያ ጥሩ። ጉንዳን እንጨት አይበላም። አንዳንድ ዝርያ ውሃ ጠጥቶ የበሰበሰ እንጨት ቦርቡሮ ጎጆ ይሠራበታል፤ እንዲህ ያለ ቦታ የሚጠቁመን ጣሪያው ወይም ቧንቧው እንደሚያፈስ ነው።

ጉንዳኖችም ሁሉ አንድ አይደሉም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን አካባቢ የሚኖር ሰው በመንጋ የሚዘምተውን ጉንዳን ያውቀዋል። እርሱ እያደነ ያልፋል እንጂ በቤት ውስጥ ጎጆ አይሠራም። ሕፃናትን፣ ሕመምተኞችንና የታሰሩ እንስሳትን አርቆ መንገዱን መልቀቅ ይበቃል፤ በረሮውንና ሌላውን ነፍሳት ጠርጎ ይሄዳል።

ከዚህ ፍጹም የተለየው በዓለም ዙሪያ በሞቃት ሕንፃዎች ውስጥ የሚኖረው የፈርዖን ጉንዳን ነው። የተፈጥሮ ተመራማሪው ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ከግብፅ በመጣ ናሙና ስም አወጣለት። ሠራተኛዋ 2 ሚሊሜትር ያህል ናት፤ መልኳ ወደ ቢጫ ያደላል። በአንድ ጎጆ ብዙ ንግሥቶች አሉ፤ ጎጆዎቹም በግድግዳ ስንጥቅ፣ በዞኮሎ ሥር፣ በሙቅ ውሃ ቧንቧ ዙሪያ ተበታትነው ይገኛሉ። ይህ ጉንዳን ሆስፒታል ሲገባ ጉዳቱ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በብሪታንያ ሆስፒታሎች እነዚህ ጉንዳኖች በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎችን ይዘው እንደሚዞሩ አሳይቷል። ከቁስል ወደ ፋሻ፣ ከፍሳሽ ወደ ምግብ የሚሄድ ነፍሳት ነውና በቀላሉ ሊታይ አይገባውም።

ፍሊት የሚያባዛውም እርሱን ነው። የፈርዖን ጉንዳን አደጋ ሲሰማው ጥቂት ሠራተኞች እንቁላልና እጭ ተሸክመው ይሸሻሉ፤ በሄዱበትም አዲስ ጎጆ ይመሠርታሉ። ንግሥት ይዘው ባይሄዱ እንኳ ከእጮቹ አዲስ ንግሥት ማሳደግ ይችላሉ። ስለዚህ በአንድ ክፍል የነፋ ሰው አንዱን ጎጆ ሦስትና አራት አድርጎ ለጎረቤቱ ያከፋፍላል።

ከአገራችን አንድ ምሳሌ ልጨምር። በጣና አካባቢ በአብያተ ክርስቲያናት ደኖች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ሌፒሲዮታ ካኔስሴንስ የተባለ ትንሽ ጉንዳን ግዙፍ ማኅበሮችን እንደሚመሠርት ገልጧል። ኢትዮጵያዊው የደን ተመራማሪ ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴም ከጸሐፊዎቹ አንዱ ናቸው። ትልቁ ማኅበር 38 ኪሎ ሜትር ያህል የተንሰራፋ ነበር። አብዛኞቹ ጉንዳኖች የሌላ ጎጆ ጉንዳን ሲያገኙ ይዋጋሉ፤ በእንዲህ ያለው ማኅበር ውስጥ ያሉት ግን እንደ ቤተሰብ ይተላለፋሉ። ደን ሲመነጠርና መሬት ሲታረስ የሚስፋፋ ዝርያ መሆኑ ደግሞ ሊያሳስበን ይገባል። የአንድ ቤት ጉንዳን ከአጥሩ ውጭ ካለው ዓለም ተነጥሎ እንደማይኖር ከዚህ እንማራለን።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከመግደላችን በፊት እንከተል። ሰልፉ ከምግቡ ወደ ኋላ የሚሄድበትን አቅጣጫ በትዕግሥት ተመልክተን ከየት ስንጥቅ እንደሚወጣ ምልክት እናድርግ። ከውጭ የሚመጣ ከሆነ የግድግዳውን ሥር፣ የአበባውን መደብ፣ ጣሪያ የነካውን የዛፍ ቅርንጫፍ እንመርምር።

ሁለተኛ፣ ምግብና ውሃ እንከልክለው። ስኳር፣ ማርና ዘይት ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ይቀመጥ፤ ቆሻሻ አይደር፤ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ይጠገን። ጉንዳን ያለ ውሃ አይቆይምና የሚያፈስ ቧንቧ ከፈሰሰ ስኳር ያላነሰ ይጠራዋል።

ሦስተኛ፣ በማባበያ እንጠቀም። ያ የመካፈል ልማድ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። በሰልፉ አጠገብ በአንድ በኩል ጠብታ ማር፣ በሌላ በኩል ጥቂት የለውዝ ቅቤ አስቀምጡና ወደየትኛው እንደሚበረታ እዩ፤ ማባበያው በዚያ ዓይነት ምግብ ይዘጋጅ። መርዙ ቀስ ብሎ የሚሠራና መጠኑ ዝቅተኛ መሆን አለበት። ጣፋጭ ለሚወድ ጉንዳን ከ1 በመቶ ያልበለጠ ቦሪክ አሲድ በስኳር ውሃ መበጥበጥ በጥናት የተፈተነ መንገድ ነው። መጠኑ ከበዛ ወይ ይሸሹታል፣ ወይ ሠራተኛዋ ለንግሥቲቱ ሳታደርስ በመንገድ ትሞታለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰልፉ ቢበዛ አትደንግጡ፤ ወደ ጎጆው እያጓጓዙት ነው። ሥራው ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ በአቅራቢያው ፍሊት አይነፋ። ማባበያው ክዳን ባለውና ጉንዳን ብቻ በሚያስገባ ዕቃ ውስጥ ሆኖ፣ መርዝ መሆኑ ተጽፎበት፣ ልጆችና የቤት እንስሳት ከማይደርሱበት ይቀመጥ።

አራተኛ፣ ሰልፉ ሲቋረጥ መንገዱን በሳሙና ውሃ እንጠበው፤ ስንጥቁን በሲሚንቶ፣ በስቱኮ ወይም በሲሊኮን እንድፈነው። ቀድሞ መድፈን ጎጆውን ግድግዳ ውስጥ ዘግቶ በሌላ በኩል ያስወጣዋል።

አጥብቄ የማስጠነቅቀው ነገር አለ። ለእርሻ የተሠራ መድኃኒት፣ ማላታይንም ይሁን ሌላ፣ ያለ ስያሜ በፕላስቲክ ጠርሙስ ተቀድቶ ሲሸጥ አትግዙ፤ በኩሽና፣ በመኝታ ክፍል፣ ከእህል አጠገብ አትርጩ። አዋጅ ቁጥር 674/2002 ፀረ ተባይ መድኃኒት ተመዝግቦ ለተፈቀደለት አገልግሎት ብቻ እንዲውል የወጣ ሕግ ነው። ነጭ ጋዝ በግድግዳ ስንጥቅ ማፍሰስ፣ ፍሊት በሶኬት ውስጥ መንፋት እሳት ያስነሳል። አንድ ሕፃን በመርዝ ከሚጎዳ ጉንዳኑ አንድ ወር ቢቆይ ይሻላል።

በመጨረሻም ወደ ጋራ ሕንፃዎቻችን እመጣለሁ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቧንቧው፣ የፍሳሽ መስመሩ፣ የኤሌክትሪክ ቱቦው ከምድር ቤት እስከ ላይኛው ፎቅ የተያያዘ ነው። ጉንዳን የቤት ቁጥር አያውቅም። ሁለተኛ ፎቅ ያለው ነዋሪ ማባበያ እያስቀመጠ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ፍሊት የሚነፋ ከሆነ የሁለቱም ድካም ከንቱ ይሆናል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ የቤት ባለቤቶች ማኅበር የጋራ ክፍሎችን እንዲያስተዳድር ኃላፊነት ሰጥቶታል። የቆሻሻ ማጠራቀሚያው፣ የቧንቧ መውጫው፣ የደረጃው ሥር የጋራ ከሆኑ፣ በእነርሱ በኩል የሚገባውም ተባይ የጋራ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ለየማኅበሩ የምጠይቀው ይህን ነው። በአንድ ቀን ሁሉም ቤት ይመርመር፤ ጉንዳኑ የታየበት ቦታ በሕንፃው ንድፍ ላይ ይመዝገብ፤ ማባበያው በሁሉም ቤትና በጋራ ክፍሎች በአንድ ጊዜ ይቀመጥ፤ የፍሊት መንፋት በስምምነት ይቁም፤ የሚያፈስ ቧንቧ ይጠገን። በሚቀጥለው የማኅበራችሁ ስብሰባ ይህን አጀንዳ አስይዙ፤ ውሳኔውንም በቃለ ጉባኤ አስፍሩ፤ የሚከታተለውንም ሰው በዚያው ዕለት ምረጡ።