ቃል የሌላቸውን ልብ ወለዶች ስለ መሰብሰብ



የዛሬው ንግግሬ አንድም ቃል ስለሌላቸው ልብ ወለዶች ነው። ስለ እነርሱ ቃል ማብዛት ያስቃል፤ ስለዚህ አላስረዝምም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፍራንስ ማዜሬል የቤልጅግ ተወላጅ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጄኔቭ ተቀምጦ ጦርነትን የሚያወግዙ ሥዕሎች ለጋዜጣ ይሥል ነበር። በ1918 የአንድ ወዛደርን ሕይወት ከልደቱ ተረሽኖ እስከ ሞተበት ቀን በ25 ሥዕሎች ተረከ። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ 167 ሥዕሎች ያሉበትን «የሰዓታት መጽሐፌ» የተባለውን አወጣ። ታሪኩ የሚጀምረው አንድ ሰው በባቡር ወደ ትልቅ ከተማ ሲገባ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ነጭ ሆኖ እንዲቀር የተፈለገው ሁሉ ከእንጨቱ ላይ ይጠረባል፤ ሳይነካ የቀረው ቀለም ተቀብቶ ይታተማል። ማዜሬል ግንዱ ቁመቱን ተሰንጥቆ በሚገኘው ሳንቃ ላይ ስለሚሠራ መሥመሩ ወፍራምና ደፋር ነው። አሜሪካዊው ሊንድ ዎርድ ግን ግንዱ አግድም ሲቆረጥ በሚወጣው ጠንካራ ፊት ላይ ስለሚቀርጽ ፀጉር የመሰለ መሥመር ያወጣል። ዎርድ የማዜሬልን መጽሐፍ ያገኘው በላይፕሲግ ሲማር ነበር። 139 ሥዕሎች ያሉት «የአማልክት ሰው» የተባለው ልብ ወለዱ የወጣው በጥቅምት 1929፣ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ በወደቀበት ሳምንት ነው። ሆኖም መጽሐፉ ገዢ አላጣም።

ብዙ ሰብሳቢዎች ደራሲው የፈረመበትን የመጀመሪያ እትም ብቻ ይፈልጋሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ኩርት ቮልፍ የተባለው ጀርመናዊ አሳታሚ የማዜሬልን መጻሕፍት በርካሽ እትም ያወጣቸው ድኃም እንዲገዛቸው ብሎ ነው፤ ለ1926ቱ እትም መቅድም የጻፈው ቶማስ ማን ነበር። ለወዛደር ኪስ የታተመውን መጽሐፍ በብረት ሣጥን መቆለፍ ምን ይባላል? እርግጥ ነው፣ ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ይዘው የማዜሬልን ሥራ ሲከለክሉ፣ በየቤቱ ተደብቆ የቆየ ቅጂ ዋጋው ታውቋል። ሰብሳቢ ከንቱ ነው አልልም።

የማልምረው መጽሐፉን ፈትቶ ሥዕሉን አንድ ባንድ በክፈፍ አድርጎ የሚሸጠውን ነጋዴ ነው። ሰማንያኛው ሥዕል ሲወጣ ሰማንያ አንደኛው ዲዳ ይሆናል፤ ክፍተቱን የሚሞላ ቃል የለምና። የሚገዛም ሰው አስቀድሞ ይቁጠር። ብዙዎቹ የገጽ ቁጥር ስለሌላቸው አንድ ቅጠል ቢጎድል ዓይን አያስተውለውም፤ ታሪኩ ብቻ ያነክሳል። እንደ «የአማልክት ሰው» ያለ መጽሐፍ ደግሞ ሥዕሉ ያለው በቅጠሉ በአንድ ፊት ብቻ ስለሆነ፣ ባዶውን ገጽ አይቶ ጎደለ ብሎ መደንገጥ አይገባም። እኔ ደንግጬ አውቃለሁ።

የዎርድ ስድስት ልብ ወለዶች በ2010 በሁለት ጥራዝ እንደገና ታትመዋል። ስብሰባው ሲያልቅ ሁለቱንም ከጠረጴዛው ላይ አኖራቸዋለሁ። እጃችሁን ታጥባችሁ ግለጧቸው፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሩ እንጂ ከመካከል አትክፈቱ።