ወቅቱን የሚያውቅ ገበታ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ጉዳይ በየቤታችን በየቀኑ የሚነሣ ነው። ይኸውም «ዛሬ ምን እንብላ?» የሚለው ጥያቄ ነው። የከተማው ደመወዝተኛ የዚህን ጥያቄ መልስ ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ከሰፈሩ ሱቅ መደርደሪያና ከገዛ ኪሱ ነው። ባላገሩ ግን መልሱን የሚያገኘው ከወሩ ነው። ለነሐሴ ሌላ፣ ለኅዳር ሌላ፣ ለሚያዝያም ሌላ ገበታ አለው። እኛም የወር ደመወዛችን ከወር እንዲያደርሰን፣ ልጆቻችንም በጤና እንዲያድጉልን የምንሻ ከሆነ፣ ይህን የባላገሩን የወራት ሒሳብ መልሰን መማር ይገባናል። ትምህርት ቤቱም የገጠር ገበያ ነው።

አገራችን ከጥንት ጀምሮ የሳምንታዊ ገበያ አገር ናት። በብዙ ቦታ ከተማው ራሱ ስሙን ያገኘው ገበያው ከሚቆምበት ቀን ነው። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ላይ ማክሰኚትንና ሐሙሲትን ያገኛል፤ የማክሰኞና የሐሙስ ገበያ ማለት ነው። በደቡብ ጎንደርም አርብ ገበያ የሚባል ከተማ አለ። አጎራባች ገበያዎች የሳምንቱን ቀን ተከፋፍለው ስለሚቆሙ፣ ዛሬ በአንዱ ያልተሸጠው ነገ በሌላው ይሸጣል፤ ነጋዴውም ከአንዱ ወደ አንዱ እየተዘዋወረ ሳምንቱን ይሞላል። ይህን ሥርዓት ያቆመው አዋጅ ወይም ደንብ ሳይሆን የሕዝቡ የራሱ ብልኀት ነው።

ገበያው የቆመበት ስፍራም ቢሆን በከንቱ የተመረጠ አይደለም። ከሸዋ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ የሰንበቴ ገበያ እሑድ ይቆማል፤ በማግስቱ ሰኞ ደግሞ የባቲ ገበያ ይቆማል። ሁለቱም የሚገኙት የደጋው ተራራ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት ወገብ ላይ ነው። ደገኛው እህሉንና ጥራጥሬውን ጭኖ ይወርዳል፤ አርብቶ አደሩም ግመሉን፣ ፍየሉንና ቅቤውን ይዞ ይወጣል። በደቡብም እንዲሁ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወስደው መንገድ ርቀቱ አጭር ሆኖ ሳለ፣ ከታች ሙዝና ማንጎ፣ ከላይ ገብስ፣ እንሰትና ፖም ይበቅልበታል። እንግዲህ ደጋና ቆላ አዝመራቸው በአንድ ጊዜ ስለማይደርስ፣ በወገቡ ላይ የሚቆም ገበያ በአንድ ቀን ሁለት ወቅት ያስገኛል ማለት ነው።

አሁን ወደ ወራቱ እንመለስ። ሐምሌና ነሐሴ የገበሬው ጎተራ የሚጎድልባቸው ወራት ናቸው። ነገር ግን ዝናቡ ጎመኑን ያፋፋዋል፤ በቆሎውም እሸት ይሆናል። በየመንገዱ ዳር በከሰል ምድጃ የሚጠበሰው በቆሎ፣ ከትግራይ በኩል የሚመጣው በለስም የእነዚህ ወራት ሲሳይ ነው። «ጎመን በጤና» የሚለው የአበው አነጋገር የድኻ መጽናኛ ብቻ ሆኖ መቈጠር የለበትም፤ በክረምት ጎመን የሚበላ ሰው ወሩ የሰጠውን ምርጥ ነገር በልቷል።

መስከረም ጠብቶ አደይ አበባ ሜዳውን ሲያለብሰው የባቄላና የአተር እሸት ተራ ይመጣል። ሣሩ ስለ ጠገበ ላሚቱም ትጠግባለች፤ ወተቱና ቅቤው ይበረክታል። ንቧም ከአበባው የሰበሰበችው በጥቅምትና በኅዳር ማር ሆኖ ይቈረጣል። በብዙ ቦታ ሁለተኛው የማር ቈረጣ የሚሆነው በግንቦትና በሰኔ ስለ ሆነ፣ ማር መግዛት የሚፈልግ ሰው እነዚህን ሁለት ጊዜያት ልብ ይበል።

በኅዳርና በታኅሣሥ ሌላው ማሳ ሲነጣ ሽምብራው ገና አረንጓዴ ነው። ምክንያቱም ሽምብራ የሚዘራው ዝናቡ ወደ ማብቂያው ሲደርስ፣ ጥቁሩ መረሬ አፈር ይዞት በሚቀረው እርጥበት እንዲያድግ ነው። ስለዚህ በአድአና በቢሾፍቱ አካባቢ መንገድ ዳር ከነግንዱ ታስሮ የሚሸጠው የሽምብራ እሸት የመሬቱን ጠባይ ጠንቅቆ ያወቀ ገበሬ ጥበብ ውጤት ነው። ጤፉም የሚታጨደው በዚሁ ወራት ነው፤ ተወቅቶ ገበያ ሲወጣና አቅርቦቱ ሲበዛ፣ ከጥር ጀምሮ ባሉት ሳምንታት የዓመቱን ቀለብ መሸመት ለሚችል ቤተሰብ የሚያመች ጊዜ ይሆናል። ከመጋቢት እስከ ሰኔ ደግሞ የማንጎ ወራት ነው።

ወቅቱን ጠብቆ መብላት ማለት ግን ሁልጊዜ እሸት ብቻ መብላት ማለት አይደለም። እናቶቻችን ሽሮውን አዘጋጅተው፣ በርበሬውን በፀሐይ አድርቀው፣ ድርቆሹንና ቋንጣውን ሰቅለው ክረምቱን የሚጠብቁት፣ የበጋውን ፀሐይ ለዝናቡ ወራት ማስቀመጥ ስለሚያውቁ ነው። የዐቢይ ጾም ሲመጣ የሽሮ ወጥ የሚያኮራ ገበታ የሚሆነው ይህ ዝግጅት ቀደም ብሎ ስለ ተደረገ ነው። ዛሬ ብዙ ቤተሰብ በርበሬን በሐምሌ በኪሎ እየገዛ «ተወደደብን» ይላል፤ በርበሬ ግን በጥቅምትና በጥር መካከል ተለቅሞ ገበያ የሚደርስ አዝመራ ነው። በማረቆ ወይም በሌላ የበርበሬ አገር ገበያ ሁለትና ሦስት ቤተሰብ ተባብሮ አንድ ፈረሱላ፣ ይኸውም 17 ኪሎ ያህል ዛላ በርበሬ ቢገዛ፣ ዋጋውም ይቀልለታል፣ የሚበላውንም ያውቃል። ባዕድ ነገር የሚቀላቀለው በተፈጨው ላይ እንጂ በዛላው ላይ አይደለምና። ብቻ ዛላው በደንብ የደረቀ ይሁን፤ እርጥበት ያለው በርበሬ ይሻግታል፤ ሻጋታውም ለጉበት የሚከፋ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል።

የጤናውንም ነገር እንመልከት። ቪታሚን ኤ የጐደለው ሕፃን ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት ይሳነዋል፤ አበው ዳፍንት የሚሉት ይህንኑ ነው። ጕድለቱ ከበረታም ዐይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ይህን ለመከላከል የሚረዱት ምግቦች ከባሕር ማዶ የሚመጡ አይደሉም፤ ጎመን፣ ዱባ፣ ካሮትና ማንጎ ናቸው። ጎመኑ ላይ ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ ሲደረግበት ሰውነት የበለጠ ይጠቀምበታል። ስለ ቪታሚን ሲም ቢሆን፣ በየጓሮው የሚበቅለው ዘይቱን ከብርቱካን የሚበልጥ አለው። ይህ ቪታሚን በመቆየትና በብዙ መቀቀል የሚጠፋ ስለ ሆነ፣ ትናንት ተለቅሞ ዛሬ የተበላ ፍሬ ባሕር ተሻግሮ በመደርደሪያ ላይ ከሰነበተው ይሻላል። በዋጋ የሚበልጠው የታሸገ ጭማቂ ብዙውን ጊዜ በስኳር የጣፈጠ ውሃ ከመሆን አያልፍም። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» የተባለው በሌላ ጉዳይ ቢሆንም፣ ለገበታችንም የሚስማማ ምክር ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልብ ልንለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ከተሞቻችን በሰፉ መጠን በገበሬውና በበላተኛው መካከል የሚቆመው ሰው እየበዛ ሄዷል። ሰብሳቢው ከማሳ ይገዛል፤ ደላላው ያገናኛል፤ ጅምላ ነጋዴው ይጭናል፤ ቸርቻሪው በመደብ ይሸጣል። ያለ እነዚህ ሰዎች ከተማ አንድ ቀን ውሎ አያድርምና ልናማቸው አልተነሣንም። ነገር ግን ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቍጥር ወሬው ይጠፋል። ገበሬው ከተማው ምን እንደሚፈልግ አይሰማም፤ ከተማውም ለገበሬው ምን እንደ ደረሰለት አይሰማም።

የዚህም ውጤት በመቂና በባቱ አካባቢ በሚለሙት የመስኖ ማሳዎች ላይ ይታያል። አንድ ጊዜ ቲማቲም ተወደደ ሲባል ብዙው ገበሬ ቲማቲም ይተክላል፤ የሁሉም በአንድ ላይ ይደርሳል፤ ዋጋውም ለለቃሚ የሚከፈለውን እንኳ የማይሸፍን ይሆንና ቲማቲሙ ማሳው ላይ ይበሰብሳል። በዚያው ሳምንት በከተማ ያለች የቤት እመቤት ገበያውን ካለማወቅ የተነሣ በውድ ዋጋ የታሸገ የቲማቲም ድልህ ትገዛለች። በአንድ አገር፣ በአንድ ሳምንት፣ የአንዱ ድካም ሲበሰብስ የሌላው ገንዘብ ይባክናል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የማይፈለግ ነገር መቅረቱ ነው፤ ገዥ ያጣ ዘር ሁለተኛ አይዘራም፤ ልጆቻችን ያልቀመሱት ፍሬም ነገ በአገሩ ላይ አይገኝም።

«ታዲያ እኛ የቢሮ ሠራተኞች ምን ማድረግ እንችላለን? የመጓጓዣው ወጪስ ከጥቅሙ አይበልጥም ወይ?» የሚል አድማጭ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንድ ኪሎ ሽንኩርት ለመግዛት ብሎ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ሒሳብ አያውቅም። ነገር ግን ለመስክ ሥራ የሚወጣ ሠራተኛ በየከተማው ማደሩና ማለፉ አይቀርም። እዚያ ሲደርስ «የገበያው ቀን መቼ ነው? አሁን የደረሰውስ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ምንም ወጪ የለውም። እግረ መንገዳችንን ግን አንድ ነገር እናሳስብ። የመንግሥት መኪና ለሥራ የተሰጠ እንጂ የጤፍ መጫኛ አይደለም፤ በእጅ የሚያዝ ዘንቢል ግን ማንንም አያስወቅስም። የመንገዱ ሰላም በተጠበቀበት አቅጣጫ ሁሉ ጎረቤታሞችና የሥራ ባልደረቦች የመኪና ኪራይ ተጋርተው፣ በወር አንድ ቅዳሜ በአቅራቢያቸው ወዳለው ገበያ ልጆቻቸውን ይዘው ቢሄዱ ደግሞ ሸመታውም፣ ትምህርቱም፣ ሽርሽሩም በአንድ ቀን ይፈጸማል። ይህም ለማይመቸው በአዲስ አበባ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተቋቋሙት የእሑድ ገበያዎች አምራቹን ወደ ከተማው ያቀርቡለታል።

ለሚሄድም ሰው ጥቂት ምክር እንጨምር። የገጠር ገበያ እንደ ሱቅ ማለዳ አይከፈትም። ባላገሩ ከሩቅ በእግሩ ስለሚመጣ የሚሞላው ረፋዱን አልፎ ነው። ቀድሞ የደረሰ ሰው ወደ ገበያው መግቢያ ወጥቶ፣ ገና ዋጋውን ያልሰማውን ባላገር መንገድ ላይ አቁሞ ለመግዛት አይሞክር፤ ይህ የማያስመሰግን ንግድ ነው። ዝርዝር ብር ይያዝ። በቁና፣ በጣሳና በመደብ የሚሸጠውን ከኪሎ ጋር አያይዞ ማስላት ይልመድ። ዋጋ መከራከር የገበያ ወግ ነውና አይፈር፤ ነገር ግን «እማማ»፣ «አባባ»፣ «እናቴ»፣ «ወንድሜ» እያለ በአክብሮት ይከራከር። አንዲት እናት ከሌሊት ጀምራ በጀርባዋ ያመጣችውን ድንች እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም አርክሶ መግዛት የከተማ ጨዋ ሥራ አይደለም። በመልካም ቃል የተጠየቀች ሻጭ ከምርቃቱ ሌላ አሠራሩንም ትነግራለች። ይህን እንዴት እንደሚያበስሉት፣ እንዴት እንደሚያቆዩት የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ቅርብ የበቀለ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ ውሃ በሚለማው አትክልት ላይ የተደረጉ ምርመራዎች ለጤና የማይበጁ ከባድ ብረታ ብረቶች እንደ ተገኙበት አሳይተዋል። ስለዚህ ቅጠላ ቅጠሉ በምን ውሃ እንደ ለማ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጥሬውን የሚበላውን በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ፣ ወተቱንም አፍልቶ መጠጣት ይገባል።

በመጨረሻም ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ቀላል ሥራ እንሰጣለን። አንድ ወረቀት አንሡና ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያሉትን ወራት ጻፉ። በየወሩ አንጻር ምን እንደሚደርስ፣ መቼ እንደሚረክስና መቼ እንደሚወደድ፣ ከገበያ የሰማችሁትን ልጆቻችሁ በእጃቸው እንዲሞሉት አድርጉ። ወረቀቱንም በወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ስቀሉት። በዓመቱ መጨረሻ ያ ወረቀት ሲሞላ፣ ደመወዛችሁ የት ይባክን እንደ ነበር ይነግራችኋል። ልጆቻችሁም ሽምብራ በምን ወር እሸት እንደሚሆን፣ ማርም መቼ እንደሚቈረጥ ያውቃሉ። ገበሬውም የደከመበትን የሚያውቅለት፣ ጊዜውን ጠብቆ የሚገዛው ሰው ያገኛል።