ስለ ነፍሰ ጡሮች የስኳር በሽታ ለዋራበሌ ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር



በእርግዝና ጊዜ የሚነሣው የስኳር በሽታ ብዙውን ጊዜ ሕመም አያሰማም። የእንግዴ ልጁ ሆርሞኖች የኢንሱሊንን ኃይል ስለሚያደክሙ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ይላል፤ ፅንሱም ከመጠን በላይ ወፍሮ ምጡን ሊያስቸግር ይችላል።

በ1921 (እ.ኤ.አ.) ኢንሱሊን በቶሮንቶ ከመገኘቱ አስቀድሞ የስኳር በሽተኛ እናት ልጇን ታቅፋ የመነሣቷ ተስፋ የመነመነ ነበር። ዛሬ ግን መድኃኒቱ አለ።

ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሁሉ ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ደሟን ታስመርምር። ሕመሙ የተገኘባት «ለሁለት ነፍስ ብዪ» የሚለውን ምክር ትታ ጣፋጭ ሻይ፣ ተምርና ነጭ ዳቦ ታሳንስ፤ ፀሐይ ሲበርድም በእግሯ ትመላለስ። ይህ ባይበቃ፣ ሐኪም ያዘዘላትን ኢንሱሊን ያለ ፍርሃት ትውሰድ። ከወለደችም በኋላ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ዳግመኛ ትመርመር። የእናት ጤና የቤት ምሰሶ ነውና ባልና ጎረቤት ይርዷት።