የጥብቅና ዋጋ በአክሲዮን፦ የቬንቸር ሎው ግሩፕ ታሪክ



በኢትዮጵያ ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት ሊያቋቁሙ የሚችሉበት መንገድ የተከፈተው በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ነው። ከዚያ አስቀድሞ ፈቃዱም ኃላፊነቱም የግለሰቡ ነበር። አሁን ግን ሸሪኮች ገቢያቸውን በምን ላይ ይመሠርታሉ፣ ከደንበኛቸውስ እስከምን ድረስ ይቀራረባሉ የሚለው ጉዳይ የሙያው ጥያቄ ሆኗል። ለዚሁ ጥያቄ በአሜሪካ አንድ ትንሽ ድርጅት የሰጠው መልስና መልሱ ያስከተለው ውጤት ሊመረመር የሚገባው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅ።

በካሊፎርኒያ ሲሊኮን ቫሊ በሚባለው አካባቢ የጥብቅና ሙያ ከቴክኖሎጂ ኢንዱስትሪው ጋር ጎን ለጎን ያደገ ነው። ስመ ጥር የሆነው የዊልሰን ሶንሲኒ ድርጅት በ1961 በፓሎ አልቶ ከተማ በጥቂት ጠበቆች ተቋቁሞ፣ አፕል ኩባንያ በ1980 አክሲዮኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ሲያቀርብ የሕግ አማካሪው ለመሆን በቅቷል። ይሁንና በትንሹ የተጀመረው ድርጅት እየሰፋ ሄደ። በ1993 ከሸሪኮቹ አንዱ የነበረው ክሬግ ጆንሰን የተወሰኑ ባልደረቦቹን ይዞ ወጣና በሜንሎ ፓርክ ከተማ ቬንቸር ሎው ግሩፕን መሠረተ። ጽሕፈት ቤቱ የተከፈተው በሳንድ ሂል መንገድ ላይ ነው። ይህም የአድራሻ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ለጀማሪ ኩባንያዎች ካፒታል የሚያቀርቡት ታላላቅ ባለ ገንዘቦች በብዛት የሰፈሩት በዚሁ መንገድ ላይ ነበርና።

እንደሚታወቀው ተራው የጥብቅና ድርጅት የሚሸጠው ሰዓት ነው። አዲሱ ድርጅት ከዚህ ልማድ ፈጽሞ ባይወጣም፣ በላዩ ላይ ሌላ ነገር ጨመረበት። ገና በመወለድ ላይ ያለ ኩባንያ ለጠበቃ የሚከፍለው ጥሬ ገንዘብ ስለማይኖረው፣ ድርጅቱ ሒሳቡን በትዕግሥት እየጠበቀ ከኩባንያው አክሲዮን ጥቂቱን በመሥራቾች ጊዜ በነበረው ርካሽ ዋጋ የመግዛት መብት ይወስድ ነበር። በፍርድ ቤት መከራከር ሥራው አልነበረም። ኩባንያ ማቋቋም፣ ባለ ገንዘብ ማገናኘት፣ የአክሲዮን ሽያጭ ማዘጋጀት፣ ይኸው ነበር ተግባሩ። ሥራው ደንበኛን በመምረጥ ስለሚጀምር፣ ጠበቃው እንደ ባለ ገንዘቡ ሁሉ የቀረበለትን የንግድ ሐሳብ መዝኖ ብዙውን እምቢ ማለት ነበረበት። የጥብቅና ትምህርት ቤት ይህን ዓይነት ምዘና አያስተምርም።

ከተመረጡት መካከል የሁለት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፍሬ የሆነው ያሁ ይገኝበታል። ኩባንያው በኤፕሪል 1996 አክሲዮኑን በ13 ዶላር ለገበያ ሲያቀርብ፣ በዚያው ዕለት ማምሻውን ዋጋው 33 ዶላር ደረሰ። ከዚያ ወዲያ በአክሲዮን መከፈል የጥቂቶች ልማድ መሆኑ ቀርቶ በሸለቆው ሁሉ ተዛመተ።

ክርክሩም አብሮ ተነሣ። ጠበቃ የደንበኛው ባለአክሲዮን ከሆነ ነፃ ምክሩን ከየት ያመጣዋል? ለገዢዎች መነገር የሚገባውን ጉድለት ሲያይ፣ ሽያጩ ቢዘገይ የራሱም ሀብት እንደሚዘገይ እያወቀ፣ «ቆዩ» ለማለት ይደፍራልን? የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር የሥነ ምግባር ኮሚቴ በጁላይ 2000 ባወጣው አስተያየት ቁጥር 00-418 ድርጊቱን አልከለከለም። ሆኖም ውሉ ለደንበኛው ፍትሐዊ እንዲሆን፣ ዝርዝሩ በሚገባው ቋንቋ በጽሑፍ እንዲገለጽለት፣ ሌላ ጠበቃ የማማከር ዕድል እንዲሰጠውና ስምምነቱን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ አስገደደ። ዋጋው ተገቢ ነው አይደለም የሚባለውም ውሉ በተፈጸመበት ጊዜ በነበረው ሁኔታ እንጂ አክሲዮኑ ኋላ ባወጣው ዋጋ አይደለም።

ተቺዎቹ የያዙት እውነት ግማሽ ነው። በሰዓት የሚከፈለው ጠበቃስ ቢሆን ነገሩ በረዘመ ቁጥር የሚጠቀም አይደለምን? ከጥቅም የጸዳ የክፍያ ዓይነት እስካሁን አልተገኘም፤ የአክሲዮኑ ልዩነት ጥቅሙ በግልጽ የሚታይ መሆኑ ነው። የድርጅቱ እውነተኛ ድካም የነበረው በሌላ በኩል ነው፤ ይኸውም የሥራው ጥበት። በማርች 2000 ከ5,000 በላይ የነበረው የናስዳክ የአክሲዮን ገበያ መለኪያ በኦክቶበር 2002 ወደ 1,100 ገደማ ወረደ። ገበያ ሲወድቅ የሚመጣው የክስና የኪሳራ ሥራ ትልልቆቹን ድርጅቶች ደገፈ። ቬንቸር ሎው ግሩፕ ግን የሚከራከር ክፍል አልነበረውም፤ የአዳዲስ ኩባንያዎች መወለድ ሲቆም ሥራውም ያዘባቸው አክሲዮኖችም ባንድነት ተመቱ። ሀብቱና እንጀራው ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ነበሩ።

በ2003 ድርጅቱ በ1890 በሳን ፍራንሲስኮ ከተቋቋመው ከሄለር ኤርማን ጋር ተዋሐደ። ለዕድሜና ለስፋት ተብሎ የተገባበት መጠለያ ግን አምስት ዓመት እንኳ በቅጡ አላገለገለም። ሸሪኮች ተራ በተራ ሲለዩት ሄለር ኤርማን የባንክ ብድሩን ግዴታ ማሟላት ተሳነውና በሴፕቴምበር 2008 እንዲፈርስ ተወሰነ።

የፈረሰው ድርጅት ንብረት ጠባቂ፣ የወጡት ሸሪኮች ወደ አዲስ ድርጅቶች ይዘዋቸው ከሄዱት ያላለቁ ጉዳዮች ከሚገኘው ትርፍ ለአበዳሪዎች ይገባል ሲል ክስ አቀረበ። ነገሩ ዓመታት ፈጀ። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በማርች 2018 በሰጠው ፍርድ፣ በሰዓት በሚከፈልባቸው ጉዳዮች ላይ የፈረሰ ድርጅት የንብረት መብት የለውም፤ ጉዳዩ የደንበኛው ነው፣ ደንበኛውም ጠበቃውን የመምረጥ ነፃነት አለው ሲል ወሰነ።