የጊዜ ምልክት፦ ቆጠራው ከየት ይነሳል?

የጊዜ ምልክት ማለት በተቀዳ ንግግር ውስጥ አንድ ቃል የት ጀምሮ የት እንዳበቃ የሚያሳይ ምልክት ነው።

ነገሩ እንደ ቀጠሮ ነው። አዲስ አበባ ላይ «በዘጠኝ ሰዓት» ሲባል ቆጠራው ከንጋት ነው። ከእኩለ ሌሊት የሚቆጥር እንግዳ ግን ጠዋት ይመጣል። ማንም አልተሳሳተም፤ መነሻቸው ተለያየ እንጂ።

የጊዜ ምልክትም እንዲሁ ነው። አንዱ ከቅጂው መጀመሪያ ይቆጥራል፤ ሌላው ቀረጻው የተካሄደበትን ሰዓት ይጽፋል። ደግሞም «1.30» ለአንዱ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው፤ ለሌላው ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም።

ታዲያ የቱ ይሻላል? ከቅጂው መጀመሪያ፣ በሰከንድና በአስርዮሽ መቁጠር። ፕራት የተባለው የድምፅ መተንተኛ ፕሮግራም የሚሠራው በዚሁ ነው። የቃሉ ርዝመትም በአንድ መቀነስ ብቻ ይገኛል።

በተለይ አማርኛ ይህን ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ገና» ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን፣ ሲጠብቅ በዓሉን ይናገራል። ልዩነቱ የ«ና» ተነባቢ ድምፅ የሚቆይበት የሰከንድ ክፍልፋይ ነው። ሙሉ ሰከንድ ብቻ የሚቆጥር የጊዜ ምልክት ይህን ጨርሶ አይይዘውም።

እርግጥ ቅጂው ከፊቱ ከተቆረጠ ምልክቱ ሁሉ ይዛነፋል። ስለዚህ ድምፅ ቀድቶ የሚጽፍ ሁሉ የቆጠራውን መነሻና መስፈሪያ ከቅጂው ጋር አያይዞ ያስቀምጥ።